ኦቫሪ (የእንቁላል እጢ) ላይ ስትሠሩ ማመሳከሪያ ጂን እንዴት ትመርጣላችሁ?

አንዲት በርበሬ ነጋዴ አለች እንበል። የምትመዝንበት ድንጋይ ጠዋት አንድ ኪሎ ነው። ከሰዓት ግን ማንም ሳያውቅ ሁለት ኪሎ ሆኖ ይገኛል። ያው አንድ ቁና በርበሬ ጠዋት “ሁለት ድንጋይ” ከመዘነ፣ ከሰዓት “አንድ ድንጋይ” ይሆናል። በርበሬው አልተነካም። የተለወጠው ድንጋዩ ነው።

ማመሳከሪያ ጂን የምንለው ያንን ድንጋይ ነው። በሪል ታይም ፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን በዙር እያባዛ በሚለካው ዘዴ፣ የአንድን ጂን መጠን ስንለካ፣ ቁጥሩን ብቻውን አናምነውም። ከአንዱ ናሙና ትንሽ ተጨማሪ አርኤንኤ (ጂኑ ሲሠራ የሚወጣው ቅጂ) ገብቶ ይሆናል፤ ከሌላው አርኤንኤውን ወደ ሲዲኤንኤ (የዲኤንኤ ቅጂ) የመገልበጡ ሥራ ደከም ብሎ ይሆናል። ስለዚህ “አይለወጥም” ብለን ለምናስበው ሌላ ጂን እናካፍለዋለን። ችግሩ “አይለወጥም” የሚለው ላይ ነው። ብዙዎቻችን ይህን አንፈትሽም። ከእኛ በፊት የታተመ ጽሑፍ ጂኤፒዲኤች የሚባለውን ጂን ከተጠቀመ እኛም እሱን እንይዛለን። እኔም መጀመሪያ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ዛሬ ኦቫሪ ላይ ለሚሠራ ተማሪ ሁሉ ቀድሜ የምነግረው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ማመሳከሪያ ጂን ከሰው አይወረስም፣ በራስ ናሙና ላይ ይፈተናል።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው። ስታር የሚባለውን ጂን እንለካለን። ኮሌስትሮልን ወደ ሚቶኮንድሪያ የሚያስገባ ፕሮቲን የሚሠራው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ፕሮጄስትሮን የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን በበቂ አይመረትም። ማሽኑ ምልክቱን ያየበት ዙር፣ ማለትም ሲኪው፣ በሁለቱም ቡድን 22 ነው እንበል። ማመሳከሪያው ግን በአንደኛው ቡድን 18፣ በሁለተኛው 17 ሆነ። ልዩነቱ በመጀመሪያው 4፣ በሁለተኛው 5 ነው። በየዙሩ ዲኤንኤው እጥፍ ስለሚሆን ስሌቱ “ስታር በግማሽ ቀነሰ” ይለናል። የአንድ ዙር መንሸራተት ብቻ ነው ይህን ያመጣው። ሁለተኛው ቡድን እየከሰመ ያለ ኮርፐስ ሉቲየም (እንቁላል ከወጣ በኋላ በቦታው የሚፈጠር፣ ፕሮጄስትሮን የሚያመርት እጢ) ቢሆን ደግሞ ስታር ይቀንሳል ብለን አስቀድመን ስለምንጠብቅ ደስ ይለናል። ውሸቱ የምንጠብቀውን መልስ መስሎ ሲመጣ ማን ይጠራጠረዋል?

ኦቫሪ ለምን ያስቸግራል?

ጉበት ዛሬም ጉበት ነው፣ ከሳምንት በኋላም ጉበት ነው። ኦቫሪ ግን በየቀኑ ሌላ ነው። የላም ዑደት 21 ቀን ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ፎሊክል (እንቁላሉን የያዘው ከረጢት) ያድጋል፣ ይፈነዳል፣ ባዶው ቦታ ደም ይሞላል፣ ከዚያ ኮርፐስ ሉቲየም ይሆናል። አዲስ የደም ሥር ይዘረጋል፣ ሴሎቹ ይገዝፋሉ፣ ፕሮጄስትሮን በገፍ ይመረታል። ላሟ ካልጸነሰች ከማህፀን የሚመጣው ፕሮስታግላንዲን ኤፍ2 አልፋ ያከስመዋል። የመከላከያ ሴሎች ይገባሉ፣ የሉቲየም ሴሎች ይሞታሉ። በእንግሊዝኛው “ቤት ጠባቂ” የሚባሉት ጂኖች የሚመረጡት የሴሉን የዕለት ተዕለት ሥራ ስለሚሠሩ ነው። ግን ቤቱ ራሱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተሠርቶ በሚፈርስበት ቦታ የቤቱ ሥራ እንዴት ሳይለወጥ ይቀራል?

ከዚህ በታች የምሄድበት ምሳሌ ከቄራ የሚሰበሰብ የላም ኮርፐስ ሉቲየም ነው። ቢሾፍቱም ሆነ ሌላ ከተማ ቄራ አጠገብ ያለ ቤተ ሙከራ በቀላሉ የሚያገኘው ናሙና ስለሆነ መረጥኩት። በበግ፣ በአይጥ ወይም በሰው ቲሹ ለሚሠራም መንገዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

“በወጣት፣ በበሰለና በከሰመ ኮርፐስ ሉቲየም ውስጥ የስታር መጠን ይለያያል ወይ?” ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። “በላም ኦቫሪ ውስጥ ጂን መለካት” ጥያቄ አይደለም። ሙሉ ኦቫሪ ፈጭታችሁ ከለካችሁ፣ በአንዱ ናሙና ትልቅ ኮርፐስ ሉቲየም፣ በሌላው ትናንሽ ፎሊክሎች ብቻ ይኖራሉ። የምታዩት ልዩነት የጂኑ ሥራ ሳይሆን የሴሎቹ ድብልቅ ይሆናል። ይህን ደግሞ የትኛውም ማመሳከሪያ ጂን አያስተካክለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ቲሹውን ለዩ፦ ግራኑሎሳ ሴል (የፎሊክሉ የውስጥ ሽፋን) ነው፣ ቴካ (የውጭ ሽፋኑ) ነው፣ ወይስ ኮርፐስ ሉቲየም?

ቄራ ላይ ላሟ ኮርማ የፈለገችበትን ቀን የመዘገበ ሰው አይገኝም። ደግነቱ ኮርፐስ ሉቲየም ዕድሜውን በመልኩ ይናገራል። ከ1 እስከ 4 ቀን ደም የመሰለ ቀይ ነው። ከ5 እስከ 10 ቀን ጫፉ ቀይ ወይም ቡናማ ሆኖ ውስጡ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ከ11 እስከ 17 ሁለመናው ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ሲሆን የደም ሥሮቹ ላዩ ላይ ይታያሉ። ከ18 እስከ 20 ይገረጣል፣ ይጠነክራል፣ የደም ሥሮቹም ይጠፋሉ። ማህፀኑንም ክፈቱና እዩ። ፅንስ ካለ ያ ኮርፐስ ሉቲየም የእርግዝና ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሉት።

በየቡድኑ 10 ላም ያዙ። የጂኖችን መረጋጋት ለሚያሰላው ኖርምፋይንደር ለሚባለው ሶፍትዌር በቡድን ቢያንስ 8 ናሙና ቢኖር ይመከራል፤ ሁለቱ ትርፍ ናሙና ሲበላሽ ይተካሉ። ሦስት ቡድን ሲደመር 30 ናሙና። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

ደረጃ 2፦ አርኤንኤውን አድኑ

እዚህ ላይ ፍጥነት ነው ዋናው። ላሟ ከታረደች በኋላ ቲሹው ኦክስጅን አጥቶ በቆየ ቁጥር ሴሎቹ ለእጥረቱ ምላሽ ይሰጣሉ። ጂኤፒዲኤች ደግሞ ግሉኮስ የሚሰብር ኢንዛይም ስለሆነ ኦክስጅን ሲያጥር ከፍ ከሚሉት አንዱ ነው። ለሰው ሠራሽ ፅንስ ሥራ ኦቫሪ በሞቀ የጨው ውሃ ተይዞ ሰዓታት ይጓዛል። እንቁላሉ በሕይወት እንዲቆይ ያ ትክክል ነው። ለጂን ልኬት ግን አይሆንም። እዚያው ቄራው ላይ ቁረጡ። ቁራጩ ከ5 ሚሊ ሜትር የማይወፍር ይሁን፤ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ወይም አርኤንኤ ሌተር የሚባለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ክተቱት። መብራት የሚጠፋበት ቦታ ለምትሠሩ አርኤንኤ ሌተር ትልቅ እረፍት ነው። ናሙናው በክፍል ሙቀት እስከ አንድ ሳምንት፣ በ4 ዲግሪ እስከ አንድ ወር ይቆያል። ከዚያ ወደ −80። ከእርድ እስከ ማቆያ ያለፈውን ደቂቃ ለእያንዳንዱ ናሙና መዝግቡ፣ በሁሉም ቡድን ተመሳሳይ መሆን አለበት።

አርኤንኤው ሲወጣ ንጽሕናውን የሚያሳየው የ260 እና 280 ናኖ ሜትር የብርሃን ንባብ ንጽጽር ወደ 2.0 ይጠጋ። የጥራት ቁጥሩ፣ ከ1 እስከ 10 የሚሰጠው፣ 7 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። የቀረ ዲኤንኤን የሚያጠፋውን ኢንዛይም፣ ዲኤንኤስን፣ አትዝለሉ። ለሁሉም ናሙና እኩል አርኤንኤ፣ ለምሳሌ 500 ናኖግራም፣ ወደ ሲዲኤንኤ ቀይሩ። ይህ እኩልነት ደረጃ 6 ላይ ወሳኝ ይሆናል።

አንድ የማይነገር ነገር አለ። ወጣቱ ኮርፐስ ሉቲየም ደም የተሞላ ነው። ከደም የሚመጣው ሄም ፒሲአርን ያፍናል። ስለዚህ መታፈኑ በአንዱ ቡድን ብቻ ሊመጣ ይችላል፣ ልክ የጂን ልዩነት መስሎ። ከየቡድኑ ሁለት ሦስት ናሙና በ10 እጥፍ አቅጥናችሁ ለኩ። ሲኪው በ3.3 ገደማ ከጨመረ ደህና ነው። ከዚያ በጣም ያነሰ ከጨመረ ናሙናው ታፍኗል ማለት ነው፤ እንደገና አጽዱት።

ደረጃ 3፦ ተወዳዳሪዎቹን ሰብስቡ

ከ8 እስከ 10 ጂን ምረጡ። ዋናው መመዘኛ ሥራቸው የተለያየ መሆኑ ነው። ሦስት የራይቦዞም ፕሮቲን ጂን ብትይዙ፣ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ተማክረው የመጡ ምስክሮች ናቸው፤ እርስ በርስ ስለሚስማሙ ብቻ እውነተኛ ይመስላሉ። ከእነሱ አንዱ ይበቃል፣ ለምሳሌ አርፒኤል19።

የተለመዱትን አንድ በአንድ ልያቸው፣ ምክንያቱም ኦቫሪ ውስጥ ሁሉም የየራሱ ጥርጣሬ አለበት። ጂኤፒዲኤችን ደረጃ 2 ላይ አይተነዋል። ቤታ አክቲን የሴሉ አጥንት ነው፤ ግራኑሎሳ ሴል ወደ ሉቲየም ሴል ሲለወጥ ቅርጹ ስለሚለወጥ አክቲኑም መነካቱ አይቀርም። ቢ2ኤም ከመከላከያ ሴሎች ሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ኮርፐስ ሉቲየም ሲከስም እነዚያ ሴሎች ይገባሉ። ኤስዲኤችኤ የሚቶኮንድሪያ ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ነው፣ ሉቲየም ሴል ደግሞ ሚቶኮንድሪያው ብዙ ነው። 18ኤስ ብዛቱ ራሱ ችግር ነው። ከጠቅላላው አርኤንኤ አብዛኛው ራይቦዞማዊ ስለሆነ ሲኪው 10 አካባቢ ይወጣል፣ የእናንተ ጂን 25 ላይ ሆኖ። በዚያ ላይ የፖሊ ኤ ጭራ ስለሌለው በኦሊጎ ዲቲ (ያንን ጭራ በሚይዝ አጭር ዲኤንኤ) ለተሠራ ሲዲኤንኤ አይሆንም። ዋይደብሊውኤችኤዜድ፣ ፒፒአይኤ፣ ቲቢፒ፣ ኤችፒአርቲ1 እና ዩቢሲ ለኦቫሪ ሥራ ብዙ ጊዜ በዕጩነት ይገባሉ። እኔም እነዚህን አስገባለሁ። ቲቢፒ መጠኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ የእናንተ ጂንም ዝቅተኛ ከሆነ ጥሩ ጓደኛ ነው።

አያችሁ፣ ንጹሕ ዕጩ የለም። ጂኤፒዲኤችንና አክቲንንም ቢሆን ከዝርዝሩ አታውጡ። ይፈተኑ። በእናንተ ናሙና ላይ ቢያልፉ አልፈዋል።

በይፋ የተለቀቀ የኦቫሪ አርኤንኤ ሲክዌንሲንግ ዳታ ማንበብ የሚችል ካለ፣ ከዚያ በሁሉም ደረጃ ብዙም የማይዋዥቁ ሁለት ጂኖች ይጨምር። ብዙ ጊዜ ማንም ያላሰባቸው ይሆናሉ።

ደረጃ 4፦ ፕራይመሩን ፈትኑ

ፕራይመር የሚለካውን ጂን ለይቶ የሚይዝ አጭር ዲኤንኤ ነው። ውጤቱ ከ70 እስከ 150 ቤዝ ርዝመት ይኑረው። ሁለት ኤክሶን (ወደ አርኤንኤው የሚገባ የጂን ክፍል) የሚያቋርጥ ቢሆን ይመረጣል። ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ። ጂኤፒዲኤች፣ አክቲንና የራይቦዞም ጂኖች ኢንትሮን (በኤክሶኖች መካከል ያለው ክፍል) የሌላቸው ብዙ የሞቱ ቅጂዎች ጂኖም ውስጥ አሏቸው። ዲኤንኤ ከቀረ ፕራይመሩ እነሱንም ያነሳል። መከላከያው ዲኤንኤሱና ሲዲኤንኤ የሚሠራው ኢንዛይም ያልገባበት መቆጣጠሪያ ነው።

ከሁሉም ናሙና ትንሽ ትንሽ ሲዲኤንኤ ቀላቅሉ። አምስት ጊዜ እያቀጠናችሁ ስታንዳርድ ከርቭ ሥሩ። ተዳፋቱ −3.32 ከሆነ ዲኤንኤው በየዙሩ በትክክል እጥፍ እየሆነ ነው፣ ብቃቱ 100 በመቶ። ከ90 እስከ 110 በመቶ፣ ማለትም ከ−3.58 እስከ −3.10፣ ይታለፋል። የሜልት ከርቩ (ውጤቱ ሲሞቅ የሚለያይበትን ሙቀት የሚያሳየው ስዕል) አንድ ጫፍ ብቻ ያሳይ። ሁለት ጫፍ ያለውን ፕራይመር ጣሉት፣ አትለማመጡት።

ደረጃ 5፦ ሳህኑን አደራጁ

አሁን 30 ናሙናዋ ትመጣለች። አንድ ጂን፣ አንድ ሳህን። 30 ናሙና በሦስት ድግግሞሽ 90 ጉድጓድ ነው። ሦስቱ ናሙና ለሌለበት መቆጣጠሪያ፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ ለድብልቁ ሲዲኤንኤ። 96ቱ ሞሉ። ወጣቶቹን ዛሬ፣ የከሰሙትን ነገ አታድርጉ። የቀን ልዩነት ከቡድን ልዩነት ጋር ከተደባለቀ በኋላ የሚለየው ስሌት የለም። በድግግሞሾች መካከል ከ0.5 ዙር በላይ ልዩነት ካለ ያንን ናሙና ድገሙት።

ደረጃ 6፦ ከሶፍትዌሩ በፊት በዓይናችሁ እዩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማምነው እሱን ነው። ለእያንዳንዱ ጂን ጥሬውን ሲኪው በቡድን በቡድን በስዕል አውጡ። እኩል አርኤንኤ ስላስገባችሁ፣ ጥሩ ማመሳከሪያ በሦስቱም ቡድን አንድ ከፍታ ላይ መቀመጥ አለበት። አንዱ ጂን ብቻውን በአንድ ቡድን አንድ ዙር ወርዶ ከታየ ያ ድንጋይ ተለውጧል። ሁሉም ጂኖች አብረው ከወረዱ ግን ችግሩ ከጂኖቹ ሳይሆን ከአርኤንኤው ወይም ከሲዲኤንኤው ነው፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ከዚያ ወደ ስሌቱ። ጂኖርም የሚባለው ሶፍትዌር በ2002 ከቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። የሁለት ጂኖች ንጽጽር በሁሉም ናሙና ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ይለካል፣ ለእያንዳንዱም ኤም የሚባል ቁጥር ይሰጣል። ኤም ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ተመሳሳይ ለሆኑ ናሙናዎች ከ0.5 በታች፣ ለተለያዩ ቲሹዎች ከ1 በታች የተለመደ ልክ ነው። ድክመቱ ያ የተማከሩ ምስክሮች ጉዳይ ነው። አብረው የሚንሸራተቱ ሁለት ጂኖችን አንደኛ አድርጎ ሊያወጣ ይችላል።

ኖርምፋይንደር በ2004 ከዴንማርክ የወጣ ነው። የቡድኖቹን ስም ይቀበላል። በቡድን ውስጥ ያለውን ልዩነት ለብቻ፣ በቡድኖች መካከል ያለውን ለብቻ ይመዝናል። እንደኛ ሦስት ደረጃ ለሚያነጻጽር ሰው ደረጃ አሰጣጡን ከእሱ ብትወስዱ እመርጣለሁ። ቤስትኪፐርም በዚያው ዓመት ከጀርመን የወጣ ሲሆን ጥሬ ሲኪው ያያል፤ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ከ1 ያለፈውን ጂን ያስወጣል። ሬፍፋይንደር ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ደረጃ ይሰጣል። ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይወደዋል፣ ግን ጥሬ ሲኪው ስታስገቡለት የሁሉንም ፕራይመር ብቃት 100 በመቶ አድርጎ ነው የሚያስበው። ለመጨረሻ ፍርድ አልጠቀምበትም።

እዚህ ላይ ተማሪ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የድሮዎቹ የኤክሴል ጂኖርምና ኖርምፋይንደር ሲኪው ሳይሆን መጠን ነው የሚፈልጉት። ትንሹን ሲኪው ውሰዱ፣ ልዩነቱን አስሉ፣ በብቃቱ ቀይሩ። ትንሹ 18፣ የናሙናችሁ 20፣ ብቃቱ 2 (ማለትም 100 በመቶ፣ በየዙሩ እጥፍ) ከሆነ፣ ሁለት ዙር ዘግይቷልና መጠኑ 0.25 ነው። ሲኪውን እንዳለ ካስገባችሁ ፕሮግራሙ አይጮህም። ዝም ብሎ የተሳሳተ ደረጃ ይሰጣችኋል።

ደረጃ 7፦ ስንት ጂን ይበቃል?

አንድ አይበቃም። ጂኖርም ለዚህ ቪ የሚባል ቁጥር አለው። ሁለት ጂን ይዛችሁ ሦስተኛ ብትጨምሩ ውጤቱ ምን ያህል ይለወጣል የሚለውን ይለካል። ከ0.15 በታች ከሆነ ሁለቱ በቂ ናቸው። ካለፈ ሦስት ያዙ። 0.15 ግን ሕግ አይደለም። 0.16 ስለወጣ እንቅልፍ አትጡ፣ ሦስት ጂን ተጠቅማችሁ ሂዱ።

የተመረጡትን መጠኖች ጂኦሜትሪክ አማካይ አውጡና የስታርን መጠን ለእሱ አካፍሉ። ተራ አማካይ ብትወስዱ በብዛት የሚገኘው ጂን ሌላውን ይውጠዋል።

ደረጃ 8፦ ሆን ብላችሁ አበላሹት

የስታርን ውጤት ሁለት ጊዜ አስሉ። አንዴ በምርጦቹ፣ አንዴ በደረጃው መጨረሻ በወጣው ጂን። ሁለቱን ስዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። መልሱ ከተገለበጠ ወይም ልዩነቱ ብቅ ጥልቅ ካለ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደነበር አማካሪያችሁም ገምጋሚውም በአንድ እይታ ይረዱታል። ካልተለወጠም ጥሩ ዜና ነው፤ ግኝታችሁ ጠንካራ ነው ማለት ነው።

እንቁላሉ ራሱ ሲሆን

በኦቫሪ ሥራ ውስጥ እንቁላል፣ ማለትም ኡሳይት፣ ለብቻው መታየት አለበት። አድጎ የጨረሰ ኡሳይት ጂን ወደ አርኤንኤ መቅዳት ያቆማል። ፅንሱ የራሱን ጂኖች እስኪያስነሳ ድረስ፣ በላም ከ8 እስከ 16 ሴል ደረጃ፣ በእናትየው ስንቅ ነው የሚኖረው። በዚህ ጊዜ የአንዳንድ አርኤንኤዎች የፖሊ ኤ ጭራ ይረዝማል፣ የሌሎቹ ያጥራል። በኦሊጎ ዲቲ ከሠራችሁ ጭራው ያጠረው አርኤንኤ የጠፋ ይመስላችኋል፣ እዚያው እያለ። ስለዚህ ጭራውን የማይፈልገውን ራንደም ሄክሳመር ተጠቀሙ። አርኤንኤ ከማውጣታችሁ በፊትም በላም ውስጥ የሌለ ባዕድ አርኤንኤ፣ ለምሳሌ ሉሲፈሬዝ፣ በእኩል መጠን ጨምሩና እሱን ደግሞ እንደ ማመሳከሪያ ለኩ። የኡሳይቶቹም ቁጥር በየቱቦው እኩል ይሁን።

ማንም ካላለፈስ?

ይሆናል። ከ10 ዕጩ አንዱም በሦስቱ ደረጃ ያልጸናበት ጊዜ አለ። ያኔ የተሻለውን መርጦ ዝም ማለት አይገባም። መጀመሪያ አርኤንኤውን እንደገና ፈትሹ። ከዚያ ዕጩ ጨምሩ። አሁንም ካልሆነ ባዕድ አርኤንኤውን ማመሳከሪያ አድርጉ፣ ወይም ጥያቄውን አጥብቡና ሁለቱን ደረጃ ብቻ አነጻጽሩ።

ስትጽፉ

በ2009 የወጣው፣ በ2025 የታደሰው ማይኪው የሚባለው የሪል ታይም ፒሲአር መመሪያ ምን መጻፍ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ቢያንስ እነዚህ አይቅሩ፦ የናሙና ብዛትና ከእርድ እስከ ማቆያ የወሰደው ጊዜ፣ የአርኤንኤ ጥራት፣ የዕጩዎቹ ሙሉ ዝርዝር ከወደቁት ጭምር፣ የፕራይመሮቹ ቅደም ተከተልና ብቃት፣ የኤም እና የቪ ቁጥሮች፣ የተመረጡት ጂኖች። የወደቁትን አትደብቁ። ሌላ ቦታ ያለ ተማሪ ያንን ዝርዝር አይቶ ወራት ይተርፍለታል።

ቲሹ፣ ዝርያ፣ የሆርሞን ሕክምና ወይም የሲዲኤንኤ ኪት በለወጣችሁ ቁጥር ፈተናው ይደገም። ለኮርፐስ ሉቲየም ያለፈው ጂን ለግራኑሎሳ ሴል አላለፈም። ሙሉውን መድገም ከከበደ፣ ካለፉት ሦስቱንና አዲስ ሁለት ዕጩ በአዲሶቹ ናሙናዎች ላይ ለኩ። የ30ዎቹን ሲዲኤንኤ ትርፍ ደግሞ በትናንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ በ−20 አስቀምጡ። ገምጋሚ “አንድ ጂን ጨምሩ” ብሎ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ ያኔ ቄራ ተመልሳችሁ ያችኑ ላም አታገኟትም።